ደረቅ

የእኔ ሥራ ይህ ነው፤ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት
ከባሕር ዳር ወደብ፥ ቁጥር ካለው እንጨት
ጎንበስ ብዬ አንብቤ፥ ጣና ስንት ወረደ፥
ስንት ጣት ከፍ አለ፥ ስንት ጣቱ ሄደ፥
መጻፍ።
ሃያ ዓመት ሙሉ «ደረቅ» የምትል ቃል
መዝገቤ ስትገባ ሆዴ ይባባል፤
ደረቅ ማለት ለኔ
ታንኳ ጭቃ ላይ ሲያዝ፥ ሲሰነጠቅ ዳርቻ፥
ከደንገሉ ሁሉ ሲቀር ሥሩ ብቻ።

ባለፈው ግንቦት ነው። ሙሴ ሉሲየን ሊሄድ፥
ሲለካ ከርሞ ጥልቁን በማሽን፥ በገመድ፥
መዝገቤን አገላብጦ፥ ጨብጦኝ በሁለት እጁ፥
አንድ ነጭ የወይን ጠጅ አስረከበኝ ከደጁ።
«ሙስካዴ ነው» አለኝ። «ደረቅ ነው» አለና፥
«ቀዝቅዞ፥ ከዓሣ ጋር» ብሎኝ ገባ መኪና።
ደረቅ?
ፈሳሽ እንዴት ይደርቃል?
ብነቀንቀው እኮ ውስጡ ይንቦጫረቃል!
ጉድ እያልሁ ወሰድሁት ቤቴ እስክገባ፥
ከነጠላዬ ሥር ሸጉጬ እንደ ሌባ።

ማቀዝቀዣ የለንም። ሚስቴ አንጓች ዓሣ ጠባሽ ናት፥
ከወደቡ ጀርባ አንዲት ምድጃ ያላት፤
ወሰደችው ጠርሙሱን ላቀው ዘንድ በማለዳ፤
ከማኅበሩ ሣጥን፥ ከበረዶው ጓዳ
አስተኛችው፤ ዋለ ከቆሮሶው መሃል፥
አንገቱን አውጥቶ ላየው ሰው ዓሣ ይመስላል።
ማታ፥ መክፈቻ ጠፍቶ፥ ቡሹን በምስማር
ብወጋው፥ ግማሹ ውስጥ ገብቶ ይንሳፈፍ ጀመር።

የማውቀው የወይን ጠጅ የሰርግ ቤቱን ነው፥
ቀይ፥ ጣፋጭ፥ ከንፈርን የሚያጣብቀው።
ይኼ ግን…
አንጓች ያቀረበችው ቀይ የዓሣ ወጥ ነበር፤
በርበሬው ወይኑን ውጦት፥ እንደ ባዳ ሰው በግርግር
ጠፋብኝ። ብፈልግ ሆምጣጤው ብቻ ቀረ።
«ለዚህ ነው እንዴ» አለች፥ «ከፈረንሳይ የተሻገረ?
ከዚህስ ቅራሪ!»
ጎረቤታችን ይርሳው፥ ጠጅ ጣዩ፥ ቀምሶ፥
እንደ ሐኪም ዝም አለ፥ ብርሌውን መልሶ፤
«ማር የሌለው ጠጅ» አለ፥ «ማለት ምን ማለት ነው?
ሙሽራ የቀረችበት ሰርግ እኮ ነው ይኸው።»

ታዲያ አንጓች ተነሥታ፥
ቆሮሶ አነሣች፥ ጎኑን ሰነጠቀች፥ ቅመሙን ሁሉ ትታ
ጨው ብቻ ነስንሳ፥ ዘይት ውስጥ ለቀቀችው፤
ሎሚ ጨመቀችበት፥ ቆዳው ገና ሲንጫጫ፤
ሽታው ሰሃኑን ቀድሞ መጣ እስከ አፍንጫ።
አንድ ጉርሻ። አንድ ጉንጭ።
እዚህ ላይ ነው እንግዲህ።
ያልበሰለ ኮክ ነው፥ አሞሌ ጨው የላሰ፥
ከዐለት ስንጥቅ የወጣ ምንጭ፥ ጥርስን የዳሰሰ፤
ዘይቱን ጠርጎ ሄደ፥ አፌን እንደ ደጃፍ አጽድቶ፥
ሁለተኛው ጉርሻ የመጀመሪያ ሆነ፥ ረሀብ እንደገና መጥቶ።
አላባበለኝም፥ በስኳር አልሸነገለኝም፤
እንደ ደረቅ ዳኛ ነው፥ ሐቁን ተናግሮ ዝም።
«ጸሎት ነው እንዴ የያዛችሁ?» አለች አንጓች፥ ስቃ፤
ከኔ ብርጭቆ ላይ ግማሹን ጠጣች፥ ነጥቃ።
ይርሳው ያየን ነበር። ቆሮሶ ቆረሰ፥
ጠጣ፤ ምንም ሳይል ብርሌውን መለሰ
ወደ ጠርሙሱ አፍ።

ከስልጆ ጋር ተጣላ፤ ሰናፍጩ ደቆሰው።
ትኩስ አይብ አስታረቀን። አለቀ ሳናስበው።

ዋጋውን ጠየቅሁ ኋላ፥ ከትልቁ ሆቴል ገብቼ፤
የወር ጤፌን ነገሩኝ፤ ወጣሁ ውሃ ጠጥቼ።
ጠርሙሱ ኑግ ዘይት ይዟል፥ ከምድጃዋ አጠገብ፤
እኔም ዛሬ፥ ሰኔ ሁለት፥ ቆሜያለሁ ከወደብ፤
እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦
«ውሃ፥ ሦስት ጣት ወርዷል። ሰማይ፥ ደመና የለም።
ነፋስ፥ ከምዕራብ። ዳርቻው፥ ደረቅ።»
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ሐይቁን ቀና ብዬ ሳላይ፥ እያፈርሁ፥
አፌ ውሃ ሞላ።